ቀብዱን ደላላው ተቀበለ፣ ሻጩ ሐሳቡን ቀየረ፦ ከጅማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የሕግ ባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ከባለቤታቸው ጋር በጅማ ከተማ ቦሳ አዲስ አካባቢ አንድ መኖሪያ ቤት በ4.2 ሚሊዮን ብር ለመግዛት ተስማሙ። ያገናኛቸው ደላላ ነው። ሻጩ አዲስ አበባ ይኖራል፤ ጅማ ያለው ወንድሙ ውክልና አለው ቢባልም የታየው ፎቶ ኮፒው ብቻ ነው። 400,000 ብር ቀብድ ተከፈለ። ከዚህ ውስጥ 300,000 ብሩ በደላላው የባንክ ሒሳብ ገባ፣ 100,000 ብሩ በጥሬ ገንዘብ ተሰጠው። ደላላው 400,000 ብር መቀበሉን በሚገልጽ በእጅ የተጻፈ ውል ላይ «ስለ ሻጭ» ብሎ ፈረመ፤ ሁለት ምስክሮችም ፈረሙ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሻጩ የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ሰው አግኝቷል ተባለ። ደላላው አሁን «300,000 ብሩን ብቻ እመልሳለሁ፤ ወይም በቀብዱ ከከተማው ዳር ካርታ የሌለው 200 ካሬ ሜትር ቦታ ውሰዱ» ይላል። በዚያ ላይ ለድካሙ 2 በመቶ እንዲከፈለው ይጠይቃል። ጠያቂዋ ሻጩን ማስገደድ ይቻል እንደሆነ፣ ቀብዱ በእጥፍ ይመለስ እንደሆነ፣ ኮሚሽኑ ይከፈል እንደሆነና ቦታውን መውሰድ ይሻል እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ውድ ጠያቂ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎት አንድ ነገር አለ። በዚህ ሰሞን የሚቀርብልዎትን ማንኛውንም ወረቀት ሳያማክሩ አይፈርሙ። በተለይ «ከእንግዲህ የምንፈላለገው ነገር የለም» የሚል ወይም ቀብዱ ለቦታ ዋጋ እንደታሰበ የሚገልጽ ወረቀት ከፈረሙ፣ አሁን በእጅዎ ያለው መብት በአንድ ፊርማ ያልቃል። ደላላው 300,000 ብሩን ቢሰጥዎት ይቀበሉ። ነገር ግን በመቀበያው ላይ «ከ400,000 ብር ውስጥ በከፊል የተመለሰ» የሚል ቃል በግልጽ ይጻፍ።

ሻጩን ስለማስገደድ እውነቱን ልንገርዎት። በእጅዎ ባለው ወረቀት ቤቱን እንዲያስረክብ ማድረግ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ጠበቃዎ ብሆን በዚህ መንገድ ክስ እንዲጀምሩ አልመክርዎትም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲደረግና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል። ይህ ሳይሟላ ሲቀር፣ ቁጥር 1720 እንደሚለው፣ ያለው ነገር ውል ሳይሆን የውል ረቂቅ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ይህንኑ አጽንቷል፤ የሰበር ችሎቱ የሕግ ትርጉም ደግሞ በየትኛውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤት ሊከተለው የሚገባ ነው። ሻጩ መሸጡን ባላስተባበለባቸው ጉዳዮች አለመመዝገቡ ብቻ ውሉን እንደማያፈርሰው የታየባቸው በኋላ የተሰጡ ውሳኔዎች አሉ። የእርስዎ ሻጭ ግን ሊያምን የሚችለው ነገር እንኳን የለም፤ እሱም ሆነ ወንድሙ አልፈረሙምና።

ሁለተኛው እንቅፋትም እዚህ ላይ ነው። ደላላ ማለት ገዢና ሻጭን የሚያገናኝ ነጋዴ ነው። ስለ ሻጭ የመፈረምም ሆነ ስለ ሻጭ ገንዘብ የመቀበል ሥልጣን በደላላነቱ ብቻ አያገኝም። ያን ሥልጣን የሚያገኘው ሻጩ በሰጠው ውክልና ነው። ውክልናውም የአጠቃላይ አስተዳደር ውክልና ከሆነ አይበቃም፤ ሕጉ በቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። ስለዚህ «ቤቴን እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ በፍርድ ቤት እንዲከራከር» የሚል ረጅም ዝርዝር ያለበት ውክልና «እንዲሸጥ» የሚል ቃል ከሌለው ለሽያጭ አይጠቅምም። የወንድምየውን ፎቶ ኮፒ አሁኑኑ አውጥተው ይህን ቃል ይፈልጉበት። ቃሉ ቢኖርበት እንኳ ውክልናውን ወደ ሰጠው ጽሕፈት ቤት ሄደው አለመሻሩን ማረጋገጥ ነበረብዎት፤ ወካይ በፈለገው ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል። ወካይ ሲሞትም ውክልናው ያበቃል።

ወደ ቀብዱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሻጭ ከካደ እጥፍ ይከፍላል» የሚለው አባባል ከሕጉ የመጣ ነው። ቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ወገን ከተወ ደግሞ የተቀበለውን አጥፎ እንደሚመልስ ይደነግጋል፤ ተዋዋዮች ሌላ ካልተስማሙ በቀር። ይህ ድንጋጌ ግን ሊተው የሚችል የጸና ውል መኖሩን ታሳቢ ያደርጋል። የቤት ሽያጩ ረቂቅ ነው ከተባለ፣ በረቂቁ ውስጥ ያለው የቀብድ ስምምነትም አብሮት ይወድቃል ተብሎ በብርቱ መከራከር ይቻላል። ሻጩ ደግሞ «እኔ ቀብድ አልተቀበልኩም» ካለ፣ እጥፉን ከማን ሊጠይቁ ነው? ስለዚህ የእጥፉን ነገር በክርክር ጊዜ በአማራጭ ያንሱት እንጂ ተስፋዎን በሱ ላይ አይጣሉ።

የሰጡትን 400,000 ብር መልሶ የማግኘት መብትዎ ግን ጠንካራ ነው። ይህን ለማለት የሚያስደፍረኝ ያው ለሽያጭ የማይረባው ወረቀት ነው። ያ ወረቀት የቤት ሽያጭ ውል አይሁን እንጂ ደላላው በፊርማው 400,000 ብር መቀበሉን ያመነበት ማስረጃ ነው። በቁጥር 2005 መሠረት የጽሑፍ ሰነድ በፈረሙት ሰዎች መካከል ስለያዘው ቃል በቂ ማስረጃ ይሆናል። ደላላው 100,000 ብሩን ሊክድ የሚሞክረው በባንክ ስላላለፈ ነው፤ ፊርማው ግን ለሁለቱም ይሠራል። የባንክ ማስተላለፊያውን ደረሰኝ ቅጂ ከባንኩ ማኅተም ጋር ያውጡ። በሕግ ረገድ ክሱ የሚመሠረተው ሳይገባው የተከፈለ ገንዘብ ይመለስ በሚለው በቁጥር 2164 እና ውል ሲፈርስ ተዋዋዮች ወደ ነበሩበት ይመለሱ በሚለው በቁጥር 1815 ላይ ነው። ደላላው «ገንዘቡን ለሻጩ ሰጥቻለሁ» ቢል፣ መስጠቱን ማስረዳት የሱ ፈንታ ነው፤ ሻጩም በክሱ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል።

ጊዜው እንዳይባክን ዛሬውኑ ለደላላው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይላኩ። መጠኑን፣ የተከፈለበትን ቀንና እንዲመለስ የሚጠይቁበትን ቀነ ገደብ ይጻፉ፤ ሲያስረክቡም ተቀባዩ ይፈርም ወይም ምስክር ይኑር። ማስጠንቀቂያው ባዶ ሥርዓት አይደለም። በሕጉ መሠረት አንድን ወገን ግዴታውን አልፈጸምክም ለማለት አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ሕጋዊው ወለድም በዓመት 9 በመቶ ነው። 9 በመቶ በዚህ የዋጋ ንረት ዘመን የቤት ዋጋ የሚሮጥበትን ያህል እንደማይክስ አውቃለሁ። ያልተመዘገበ ውል ትልቁ ጉዳትም ይህ ነው፤ ፍርድ ቤት ቢፈርድልዎት የሚመለሰው ብሩ ነው፣ ቤቱ ግን በዚያ ብር የሚገዛ ሆኖ አይጠብቅዎትም።

ጉዳዩን ለፖሊስ ማመልከት አለብዎት ወይ? ይህ የሚወሰነው ሻጩን በቀጥታ ካነጋገሩ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ስልኩን ከደላላው ሳይሆን ከወንድምየው ወይም ከጎረቤት ያግኙ። ሻጩ ደላላውን እንዲሸጥለት ጨርሶ ካልጠየቀው፣ ወይም ደላላው በዚያው ቤት ስም ከሌሎችም ቀብድ ሰብስቦ ከሆነ፣ ነገሩ ከዕዳ አልፎ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የተመለከተው የማታለል ወንጀል ሊሆን ይችላል። ለሻጭ እንዲያደርስ በአደራ የተቀበለውን ገንዘብ ለራሱ ካዋለ ደግሞ አንቀጽ 675፣ እምነት ማጉደል፣ አለ። ሻጩ በእርግጥ ልሸጥ ብሎ፣ ደላላውም በቅን ልቦና አገናኝቶ፣ በኋላ ሻጩ ሐሳቡን ብቻ ቀይሮ ከሆነ ግን ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው። ፖሊስን ዕዳ ማስከፈያ ለማድረግ መሞከር ተገቢም ውጤታማም አይደለም።

የኮሚሽኑ መልስ አጭር ነው፤ አይክፈሉ። የ4.2 ሚሊዮን ብር 2 በመቶ 84,000 ብር ነው። 2 በመቶው በልማድ የሚጠራ መጠን ነው፤ እርስዎ በጽሑፍ የተስማሙበት ነገር የለም። ከሁሉም በላይ እንዲከፈል የሚጠየቅበት ሽያጭ አልተፈጸመም።

ይህን የሚያነቡ ደላሎች እንደሚኖሩ አውቃለሁና ለእነሱም ቃል አለኝ። በጅማ ብዙ ሰው ቤት የሚያገኘው በእናንተ በኩል ነው፤ ሥራው የተከበረ ሥራ ሊሆን ይችላል፣ መሆንም አለበት። ነገር ግን የንግድ ፈቃድ ሳይኖር በንግድ መሥራት ወንጀል ነው፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ኮሚሽኑን ለማስከበር ፍርድ ቤት ቢሄድ አስቀድሞ የሚጋለጠው እሱ ራሱ ነው። የገዢን ቀብድ በራሳችሁ ሒሳብ አትቀበሉ። ገንዘቡ በእናንተ ሒሳብ ባለፈባት ደቂቃ የሻጭን ክህደት ዕዳ እናንተ ተሸከማችሁት ማለት ነው፤ ሻጩ ሐሳቡን ሲቀይር ገዢው በመጀመሪያ የሚያገኘው እናንተን ነው። ኮሚሽናችሁ ስንት እንደሆነ፣ ከማን እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አስፈርሙ። ሻጩ 3.8 ሚሊዮን ብሎ ለገዢ 4.2 ሚሊዮን ማለትና ልዩነቱን መያዝ ደግሞ የድለላ ዋጋ አይደለም። ሁለቱ ወገኖች በተገናኙበት ቀን ይወጣል፤ በወጣ ጊዜም ከማታለል ክስ ማምለጥ ይከብዳል። ቤቱ የወራሾች ክርክር እንዳለበት ወይም በባንክ የተያዘ መሆኑን እያወቁ ዝም ማለትም በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ እንዲክስ የሚያዘውን ቁጥር 2028ን ያስጠቅሳል።

አሁን ወደ ቦታው። እባክዎ አይውሰዱት። ከከተማው ዳር ያለ ካርታ የሌለው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የገበሬ ይዞታ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40(3) መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑንም ይደነግጋል። ገበሬው የመጠቀም መብት አለው እንጂ ለእርስዎ የሚሸጠው ባለቤትነት የለውም። በሽማግሌ ፊት መፈረምም ሆነ የቀበሌ ማኅተም ይህን አያድነውም። ሰዎች «ከተማው ሲሰፋ ይካተታል፣ ያኔ ካርታ ይወጣለታል» ይሉዎታል። ጅማ በእርግጥ እየሰፋች ነው፤ ከተማው ሲደርስ ግን ለሕዝብ ጥቅም በሚለቀቀው መሬት ላይ ካሣ የሚታሰበው ሕጋዊ ባለይዞታ ለሆነው ሰው ነው፤ የይዞታ ደብተሩ ደግሞ በገበሬው ስም ነው። እርስዎ የሠሩበት ጎጆ ሕገ ወጥ ግንባታ ተብሎ ሊፈርስ ይችላል። አንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባውን እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ጥሎ ባዶ እጁን ሲቀር ማየት በሙያዬ ከሚያሳዝኑኝ ነገሮች ዋነኛው ነው።

ገንዘብዎ ተመልሶ ሌላ ቤት መፈለግ ሲጀምሩ የሚጠቅምዎትን ልጨምር። ሥራው የሚጀምረው ከደላላ ቢሮ ሳይሆን ከከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው። በሻጩ እጅ ያለውን ካርታ አይተው አይመኑ፤ ከሻጩ ጋር ሄደው በማኅደሩ ውስጥ ካለው ጋር ይነጻጸር። በቁጥር 1195 መሠረት የባለቤትነት ማረጋገጫ የተሰጠው ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል፤ ግምቱ ግን በማስረጃ ሊፈርስ የሚችል ነው፣ ካርታ ደግሞ ይጭበረበራል። ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ በውሉ ሰሞን የተጻፈ ይሁን፤ የቆየ ወረቀት ስለ ትናንት እንጂ ስለ ዛሬ አይናገርም። በባንክ የተያዘ ቤት ቢገዙ መያዣው ቤቱን ተከትሎ እርስዎ ዘንድ ይመጣል። በሒርማታና በመርካቶ ዙሪያ ባሉ አሮጌ ሰፈሮች ቤት ካዩ ደግሞ የግል ነው ወይስ የቀበሌ ብለው ይጠይቁ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግሥት ከዞረ በኋላ በኪራይ ስም የሚኖርበትን የቀበሌ ቤት «እሸጣለሁ» የሚል ሰው የሚሸጠው የራሱ ያልሆነውን ነው።

የነባር ይዞታ፣ ማለትም ቦታው በሊዝ ያልተያዘ፣ ቤት ሲገዙ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004ን ያስታውሱ። ከውርስ ውጪ በሆነ መንገድ ነባር ይዞታ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ቦታው በገዢው እጅ ወደ ሊዝ፣ ማለትም ከመንግሥት በክፍያ ለተወሰነ ዘመን ወደሚያዝበት ሥርዓት፣ ይገባል። ይህ ወጪ በዋጋ ድርድሩ ላይ ካልታሰበ በስም ዝውውር ቀን ድንገት ይደርስብዎታል።

የትዳር ነገር ብዙ ሽያጭ ያፈረሰ ነው። ባልና ሚስት የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት በመጠየቅ ግን ከፌዴራሉ አይለይም። ሻጩ አላገባሁም ካለ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያቅርብ፤ አግብቶ ከሆነ ሚስቱ በአካል ቀርባ ትፈርም። ንብረቱ የውርስ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይኑር፤ በማረጋገጫው ላይ ያሉ ወራሾች በሙሉ ይፈርሙ። «እሱ ውጭ አገር ነው፣ ምንም አይልም» የተባለለት ወራሽ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ቤቱ ከታደሰ በኋላ ነው።

ጅማ ላይ በተለይ የሚነሳ አንድ ጉዳይ አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ የሚመዘገበው ውል የሚዘጋጀው በዚሁ ቋንቋ ነው። አፋን ኦሮሞ አቀላጥፈው የማያነቡ ከሆነ፣ ከደላላውም ከሻጩም ወገን ያልሆነ ሰው ቃል በቃል እስኪያስረዳዎት ድረስ ፊርማዎን ያቆዩ። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም፤ የሚያዋውለው ባለሙያም ይጠብቅዎታል። በተለይ ዋጋው፣ ርክክቡ የሚፈጸምበት ቀን፣ ታክስና የስም ዝውውር ወጪውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ የሚናገሩትን አንቀጾች ደጋግመው ያስነብቡ።

ስለ ዋጋው ስናነሳ፣ ታክስ እንዲቀንስ ብለው 4.2 ሚሊዮኑን ቤት «በ1.5 ሚሊዮን እንጻፈው» የሚሉዎት ይመጣሉ። ይህ ግብር ማጭበርበር ነው። ከዚያም በላይ ነገ ውሉ ቢፈርስ ሕጉ የሚመልስልዎት የተጻፈውን ነው፤ ቀሪውን 2.7 ሚሊዮን በምስክር አስረዳለሁ ቢሉ ሰነዱ ራሱ ይቃወምዎታል። ታክሱን ያተረፈው ሻጩ ነው፣ አደጋውን የተሸከሙት ግን እርስዎ ይሆናሉ።

«ስም ሳይዞር በውክልና እንያዘው» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ሻጩ ቤቱን እንዲሸጡ፣ እንዲለውጡ፣ እንደፈለጉ እንዲያደርጉ ሙሉ ውክልና ይሰጥዎትና ገንዘቡን ይቀበላል። እርስዎም ገዛሁ ብለው ይገባሉ። ሻጩ ሲሞት ውክልናው አብሮት ይሞታል፤ ወራሾቹ በካርታው ላይ ያለውን የአባታቸውን ስም ይዘው ይመጣሉ። ቁጥር 2878 እንደሚለው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ያልገባ ሽያጭ በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት የለውም፤ የሻጩ አበዳሪም፣ በኋላ ገዝቶ ቀድሞ ያስመዘገበ ሰውም ሦስተኛ ወገን ነው። ስለዚህ ከገንዘቡ ብዙው ክፍል ውሉ ሲመዘገብ በሲፒኦ (በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ወይም በባንክ በቀጥታ ለሻጩ ይከፈል፤ ዋጋ ያለው ቀሪ ደግሞ ስሙ እስኪዞር በእጅዎ ይቆይ። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ሌላ ቤት ይፈልጉ።

ወደ ክሱ ስመለስ፣ ደላላው ማስጠንቀቂያው ደርሶት ዝም ካለ ሁለት መንገድ አለዎት። ሽማግሌ አስገብቶ መጨረስ በጅማ ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ እኔም አልቃወምም። ዕርቁ ግን በጽሑፍ ይሁን፤ 400,000 ብሩ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ በቀን ተቆርጦ ይጻፍ፣ ደላላውም በሽማግሌዎቹ ፊት ይፈርምበት። ካልሆነ ክስ ይመሥርቱ፤ ደላላው ንብረቱን እያሸሸ ከሆነ ከክሱ ጋር ንብረቱ እንዲከበር፣ ማለትም እንዳይሸጥና እንዳይተላለፍ በፍርድ ቤት እንዲያዝ፣ ያመልክቱ። የዳኝነት ክፍያ አስቀድመው ይከፍላሉ፤ ሲረቱ ከተረታው ላይ ወጪና ኪሣራ መጠየቅ ይችላሉ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካነሰዎት የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት አለው። ሲሄዱ በእጅ የተጻፈውን ውል ዋናውን፣ የባንክ ደረሰኙን፣ የውክልናውን ፎቶ ኮፒ፣ ከደላላው ጋር የተጻጻፉትን የስልክ መልእክት ሁሉ ሳይሰርዙ፣ የሁለቱን ምስክሮች ስምና አድራሻም ይዘው ይሂዱ። ባለቤትዎም አብረው ይገኙ፤ ገንዘቡ የጋራ ስለሆነ ክሱም በሁለታችሁ ስም ቢቀርብ ይሻላል።